የተወቀረ ድድ አይታመምም

የጥርስ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ደርሼ የተመለስኩት በቅርንፉድ ምክንያት ነው። ይህን ለሰው ብናገር ማን ያምነኛል? ደረጃውን ወጥቼ፣ በሩን ገፋ አድርጌ፣ ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠች ልጅ ቀና ብላ «ይግቡ እማማ» ስትለኝ ከውስጥ አንድ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን መታኝ። ወጥ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ቅርንፉድ አይደለም። ከአልኮልና ከጎማ ጓንት ጋር የተቀላቀለ፣ የታመመ አፍ ውስጥ የዋለ ቅርንፉድ ነው። ዕቃ ረስቼ ነው፣ እመለሳለሁ ብዬ በነጠላዬ እስከ አፍንጫዬ ተሸፍኜ ወረድኩ። ስንቱን ዘመን ያለፍኩ አሮጊት፣ ልጅ ወልጄ፣ ባል ቀብሬ፣ ከቅርንፉድ ሸሸሁ። ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻለኛል፤ ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ የፈሪ ወሬ ነውና።

ሩጫ በማይባል ሩጫ የሐረሩ ፈረስ መጋላ አደባባይ ደረስኩ። አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሻይ በቦንቦሊኖ አዘዝኩና እስኪበርድ ጠበቅሁት፤ ያን ሰሞን ትኩስም ቀዝቃዛም ጥርሴን ሥሩ ድረስ ይወጋኝ ነበር። ከፊቴ ባጃጁ ይተራመሳል፣ ከግንቡ ሥር ጎረምሶች ተደርድረው ያወጋሉ። ይህ ቦታ ጥንትም ድድ ማስጫ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ በባጃጆቹ ፋንታ የቆሙት ፔጆ ታክሲዎች ነበሩ፤ ሾፌሮቻቸው ከሚስቶቻቸው አብልጠው በጨርቅ ይወለውሏቸው ነበር። ከዓረቡ ሱቅ በአምስት ሳንቲም የምትገዛ ሀልዋ የተጠቀለለችበትን ወረቀት በዘይቷ ታረጥበዋለች። ወረቀቱንም እንልስ ነበር። ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ ወንድ ካየን ደመወዝተኛ ነው እንላለን። እኛ ሴቶቹ ሽንሽን ጉርድና ነጭ ሸራ ጫማ ነበር የምንለብሰው፤ ጫማው ሲቆሽሽ ከትምህርት ቤት በሰረቅነው ጠመኔ ቀብተን እናነጣዋለን። ዝናብ ከመጣ ታዲያ ጉድ ፈላ፣ ከኋላችን ነጭ ውኃ እየጎተትን ነው ቤት የምንገባው።

በዚያ ዘመን የሴት ልጅ መልክ በድዷም ጭምር ይለካ ነበር። ነጭ ጥርስ ጥቁር ድድ ላይ ተደርድሮ ሲታይ ዘፋኙ ሁሉ ስለዚያ ነው የሚያዜመው። ድዱን በመርፌ እየወጉ ጥላሸት ማስገባቱ ውቅራት ይባላል። ለዛሬ ልጆች ስነግራቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ቅንድባቸውን የሚነቀሱት ግን እነሱው ናቸው። የጀጎል ግንብ ውስጥ ልጆች፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ እጃቸውን ሂና ይቀቡ ነበር እንጂ ድዳቸውን አይነኩም። ውቅራት የእኛ፣ ከጀጎል ውጭ ያለው የክርስቲያኑ ሰፈር ነገር ነበር፤ ቅድመ አያቶቻችን ሲመጡ ከበቅሎና ከድንኳን ጋር ይዘውት የመጡት።

ወቃሪዋ እትዬ አሰለፈች ይባላሉ። ወታደር ባላቸውን ተከትለው ከሰሜን መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱ እዚሁ የቀሩ ናቸው። ቤታቸው ወደ ሐኪም ጋራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። እማዬ እጄን ይዛ ወደዚያ የወሰደችኝ ለሁለት ጉዳይ ነው። የእኔ ጉዳይ ቁንጅና ነው። የእሷ ግን ሌላ ነበር። የእማዬ ድድ ይደማል። ጠዋት ስትጉመጠመጥ ውኃው ቀልቶ ይወጣል፣ እንጀራ ስትጎርስ ጉርሻው ላይ ደም ይቀራል። የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው የፈረዱት ፍርድ አንድ ነበር፤ ተወቀሪ፣ ደሙ ይደርቃል፣ ድድሽም ይጠነክራል። ያኔ ውቅራት ጌጥም መድኃኒትም ነበር። ሁለቱን ለይቶ የሚያይ ሰው በእኛ ሰፈር አላውቅም።

እማዬ እኔ እንዳልፈራ ብላ ቀድማ ተቀመጠች። እትዬ አሰለፈች ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አስደግፈው፣ የላይኛውን ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ ገለበጡት። መርፌዎቹ በክር አንድ ላይ ታስረዋል። ከኩራዝ ላይ የተፋቀው ጥላሸት በስኒ ተበጥብጧል። ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የእማዬ እግር ጣቶች ተጨማደዱ፤ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል፤ ጥቁሩና ቀዩ ተቀላቅሎ በአገጯ ይወርዳል። አንዴም አልጮኸችም። ብትጮኽ ኖሮ በመስኮት ዘልዬ ሐኪም ጋራን እወጣ ነበር፤ ዝምታዋ ነው እግሬን ያሰረው። የእኔ ተራ ሲደርስ ጣሪያውን እያየሁ የማውቃቸውን መላእክት ሁሉ በስም ጠራሁ። ሲያልቅ እትዬ አሰለፈች ያበጠው ድዴ ላይ ቅርንፉድ አስነከሱኝና ፊቴን በነጠላቸው ጠረጉ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አለቀ» አሉኝ። «የተወቀረ ድድ እስከ መቃብር አይታመምም።»

ይህን ቃል እኔም እማዬም እንደ ጸሎት ያዝነው። ለጥቂት ቀን አፋችን አብጦ ቀዝቃዛ አጥሚት በማንኪያ ስንጠጣ ሰነበትን፣ ከዚያ ዳነ። እኔማ ዳንኩ ብቻ አይደለም፣ አበድኩ። ለማያስቅ ነገር እስቃለሁ። ፈረስ መጋላ ሳልፍ ለዓረቡም፣ ለፔጆው ሾፌርም፣ ለአህያውም ጥርሴን አሳያለሁ። ፎቶ ቤት ሄጄ በዚያ ዘመን ማንም እንደማያደርገው አፌን ከፍቼ ስቄ ተነሳሁ፤ ፎቶ አንሺው ሰውዬ ነውር ነው፣ ዝጊው ብሎ ሁለት ጊዜ መክሮኝ ነበር። የእማዬም ደም ቆመ። የሰፈሩ ሴቶች አላልንሽም ወይ አሉ። እትዬ አሰለፈችን የሚያመሰግን በዛ፤ ብዙም ሳይቆይ በራቸው ላይ ሴት ተሰልፋ ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ የማስታውሰው ስኳር በቀበሌ ሰልፍ መሆኑን፣ ሽንሽኑ ጉርድ በካኪ መተካቱን፣ ከሙዚቃ ቤቶቹ የሚወጣው ዘፈን ሁሉ ሰልፍ ሰልፍ የሚል መሆኑን ነው። ከእነዚህ ዓመታት በአንዱ፣ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ እማዬ ለስላሳ ዳቦ ገምጣ ማኘኳን አቆመች። ጣቷን አፏ ውስጥ አስገብታ አንድ ጥርስ አወጣች። የፊት ጥርስ። እኔ የነቀዘ፣ የተቦረቦረ ነገር ነበር የጠበቅሁት። ጥርሱ ግን ንጹሕ ነው። ነጭ፣ ረጅም፣ ሙሉ፣ ሥሩ ሳይቀር ደህና። ምንም ያልሆነ ጥርስ ከሰው አፍ እንዲህ ዳቦ ውስጥ ይቀራል? እማዬ መዳፏ ላይ አድርጋ ገለበጠችው፣ አየችኝ። ያን ዕለት የፈራሁትን ያህል በጦርነቱ ተኩስ ጊዜም አልፈራሁም።

ከዚያ ሌላው ተከተለ። ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም ደህና። አንዱ በርጅና ነው አለ፣ እሷ ግን ገና ሃምሳ ዓመት በቅጡ አልሞላትም ነበር። ሌላው ዓይን በልቷት ነው አለ። ውቅራቱን የጠረጠረ ግን የለም፤ ድዷ እንደ ጥንቱ ጥቁር፣ እንደ ጥንቱ ያማረ ነበራ። መጀመሪያ በነጠላዋ ጫፍ አፏን መሸፈን ጀመረች፣ ቀጥላ በሰው ፊት መብላት ተወች፣ በመጨረሻ ማኅበሯንም ተወች። ከእሷ በላይ ሰው የሚያስቅ አልነበረም በሰፈሩ። አንድ ቀን ጠላ የምትጠምቅ ጎረቤታችን ምነው ጠፋሽ ስትላት «ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔስ ባዳ ሆኖም አልቆየ» አለቻት። ሴትየዋ ሳቀች። እማዬ አልሳቀችም። ብዙ ዓመት ኖራ ነው የሞተችው፤ ሰው ሳታይ፣ ሾርባ እየጠጣች፣ ፍትፍት እየበላች።

እኔ ታዲያ በልቤ ራሴን አዳንኩ። እማዬን የያዛት ከመወቀሯ በፊት ነው፤ እኔ ግን በደህና ድድ ነው የተወቀርኩት፤ በሽታው ሳይመጣ በሩ ተዘግቷል አልኩ። ይህን ይዤ ነው ያረጀሁት። መስታወት ፊት ቆሜ ከንፈሬን ገልበጥ አድርጌ ጥቁሩን ድዴን አያለሁ፣ አለ፣ ደህና ነው፣ እላለሁ። ሰው ለምርመራ ወደ ሐኪም ሲሄድ እኔ ወደ መስታወት ነበር የምሄደው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው። ባለፈው ክረምት ጥርሴን ስቦርሽ ብሩሹ ላይ ደም አየሁ።

ምን አደረግሁ? ሰው ሁሉ የሚያደርገውን። የሚደማውን ቦታ መንካት አቆምኩ። እዚያ ጋ ስደርስ ብሩሹን አሳልፈዋለሁ፤ የተኛ ውሻ እንደሚያልፍ ሰው በዳር በዳር። ብሩሹ ሻካራ ነው ብዬ ወደ መፋቂያ ተመለስኩ። መፋቂያውም ሲያደማኝ ለስላሳውን፣ ቀጥሎም የበለጠ ለስላሳውን እመርጥ ጀመር። ጨው በጣቴ አሸሁ። ደሙ ቀነሰ፣ ግን ሌላ ነገር መጣ። የታችኛው የፊት ጥርሴ በምላሴ ስገፋው እሺ አለኝ። ትንሽ ነው፤ ፀጉር ታህል። ምላሴ ግን ከዚያ በኋላ አላርፍ አለች፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም፣ ሽንኩርት እየላጥኩም እሱን ትነካካለች። አፌ ይሸተኝ ጀመር። አብራኝ የምትኖረው ሰናይት፣ የመጨረሻዋ ልጄ፣ ማዘጋጃ ቤት ነው የምትሠራው፤ ማታ መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ ፊቴን ዞር አደርጋለሁ። አንድ ቀን እየተናገርኩ ሳለ እጄን አየሁት። አፌ ላይ ነው ያለው። ልክ እንደ እማዬ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህን ተረት ለስንቱ ሰው መክሬበታለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን ደበቅሁት። ሐኪም ካየኝ «ሁሉም ይወልቃል» ይለኛል፤ ካላየኝ ያን ቃል አልሰማም። ሂሳቤ ይኸው ነበር። ያወቀችብኝ አዴ መይሙና ናት። አዴ መይሙና ከከተማው ውጭ ካለው ከድሬ ጠያራ አትክልትና መፋቂያ እያመጣች ሸዋ በር ላይ የምትሸጥ፣ ከወጣትነታችን ጀምሮ የምንተዋወቅ ሴት ናት። ከእሷ በቀር ከማንም መፋቂያ ገዝቼ አላውቅም። ያን ጠዋት እንጨቶቹን አንድ በአንድ እያጠፍኩ ለስላሳ ስፈልግ አየችኝ። ከዚያ ከእጄ ቀማችኝ።

«የሺ፣ አፍሽን ምን ሆነሻል?»

ምንም አልሆንኩም አልኳት።

«ወላሂ ዋሸሽ። ድሮ ጠንካራውን እየመረጥሽ ነበር ከእኔ ጋር የምትጣዪው። አሁን እንደ ሕፃን ለስላሳ ትለምኛለሽ። አፍሽንም ይዘሽ ታወሪያለሽ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከአላህ አትደብቂም። ከሐኪም የምትደብቂው ለምንድን ነው? ሂጂ ይይሽ። ዛሬ መፋቂያ አልሸጥልሽም።»

እውነትም አልሸጠችልኝም። እንጨቶቿን በጨርቅ ሸፍና ሌላ ገበያተኛ ማነጋገር ጀመረች። ተቆጥቼ፣ ከቁጣዬም ጋር ጥቂት ድፍረት አግኝቼ፣ በቀጥታ ወደ ጥርስ ሐኪም ቤቱ የሄድኩት ያኔ ነው። ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ ቅርንፉዱ መጣ፣ ሸሸሁ፣ ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ።

ሻዩ ሲበርድ ቦንቦሊኖውን ቆረስኩና ገመጥኩ። ለስላሳ ነበር፤ ጥርስ የሌለው ሕፃን የሚበላው። በስተታች በኩል አንድ ነገር ዘመም ሲል ተሰማኝ። አላመመኝም። ማመሙ ይሻለኝ ነበር። ጥርሴ ወደ ፊት አጎንብሶ በከንፈሬ ተደገፈ። እንዳለሁ ቀረሁ፣ ማኘክም መትፋትም ፈራሁ። ባጃጆቹ ይጮኻሉ፣ ጎረምሶቹ ይስቃሉ፣ እኔ አፌን ዘግቼ የእማዬን መዳፍ አያለሁ። በጣቴ ወደ ቦታው መለስኩት። የሻዩን ሂሳብ ዱካው ላይ ትቼ፣ የመጣሁበትን መንገድ እንደገና ወጣሁ። በዚህ ጊዜ ያስኬደኝ ድፍረት አይደለም። ከቅርንፉዱ የበለጠ የምፈራው ነገር አፌ ውስጥ ስላለ ነው።

ሐኪሟ ዶክተር ነጅማ ትባላለች፣ የጀጎል ልጅ፣ የሰናይት እኩያ ብትሆን ነው። ወንበሩ ላይ አስተኛችኝ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲዘረጋ የእትዬ አሰለፈችን ጭን አስታወሰኝና ክንዱን ጨመደድኩት። መብራቱን አዞረች፣ ከንፈሬን በጓንቷ ገለጥ አደረገች፣ ቆም አለች።

«እማማ ተወቅረዋል?»

አዎ አልኳት። በዚያ ሰዓትም ቢሆን፣ እግዜር ይይልኝ፣ ትንሽ ኩራት ነበረበት።

«ያምራል» አለች። «ግን ደብቆብኛል። ድድ ሲታመም ዳር ዳሩ ይቀላል፣ ያብጣል። የእርስዎ ጥቁር ስለሆነ ቅላቱ አይታይም። እርስዎም ያላዩት ለዚህ ነው። በቀለሙ መፍረድ ስለማልችል እለካለሁ፤ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግዎታል።»

ከዚያ በቀጭን ዘንግ በእያንዳንዱ ጥርስና ድድ መካከል እየገባች ቁጥር ትጠራለች፣ ረዳቷ ትጽፋለች። ሦስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። እኔ ሰባት ሲባል ደስ አለኝ፤ በተማርኩበት ዘመን ቁጥር ሲጨምር ነበር የሚጨበጨብልኝ። ስትጨርስ ትርጉሙን ነገረችኝ። ቁጥሩ በጥርሱና በድዱ መካከል የተቆፈረው ጉድጓድ ጥልቀት ነው፤ ሲበዛ ነው የሚከፋው። ጥርስ ላይ የሚቀረው የምግብ ቅሪት ሳይጸዳ ሲውል ሲያድር ይደድራል፣ ድንጋይ ይሆናል፣ ከድዱ ሥር ይገባል። ድዱ ከድንጋዩ ይሸሻል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንትም አብሮ ይሸሻል። ጥርሱ ራሱ ምንም አይሆንም። የሚቆምበት መሬት ነው የሚጠፋው። ይህን ስትለኝ የእማዬ ጥርሶች ለምን እንደዚያ ንጹሕ እንደነበሩ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ገባኝ።

ስለ እማዬ ነገርኳት። ደሟ በውቅራት መቆሙን፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ። ዶክተር ነጅማ ጓንቷን እያወለቀች አዳመጠችኝ። ውቅራቱ ቀለም ነው፣ መድኃኒት አይደለም፣ ከሥር ያለውን አይነካውም አለች። ከዚያ «ያኔ ሐኪም አይተዋቸው ቢሆን ኖሮ…» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው። ለእኔ ብላ ነው የተወችው። የቀረውን ግን እኔ ራሴ ጨረስኩት፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ። ከዚያ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅኋት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለዓመት ያህል የሸሸሁት ጥያቄ ነው።

«ሁሉም ይወልቃሉ?»

ከልኬቱ በኋላ ያነሳችኝን የራጅ ፎቶ ወደ መብራቱ አስጠግታ እንደገና አየችው።

«ይህቺ የተንቀሳቀሰችው አትተርፍም፣ አልዋሽዎትም። ሌሎቹ ይተርፋሉ፣ ኢንሻ አላህ። የእኔ ሥራ ድንጋዩን ማንሳት ነው። የየቀኑ ሥራ የእርስዎ ነው። እሱን ካልሠሩ ግን፣ እማማ፣ ተራ በተራ ይከተሏታል።»

የስኳር በሽታ እንዳለብኝና እንደሌለብኝም አስመረመረችኝ፤ ስኳር የድድን ሕመም ያባብሳልና፤ እሱስ የለብኝም፣ ተመስገን። በማደንዘዣ ጥርሴን ነቀለችው፣ በሌላ ቀን ደግሞ ከድዴ ሥር ድንጋዩን ጠረገችው። በሰፈራችን ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ይባላል፤ ያ ወሬ ያ ሁሉ ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ ይጮኽ ነበር። መሣሪያው ያፏጫል፣ ውኃው ይረጫል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ልጅነቴ መላእክቱን እጠራለሁ። ስትጨርስ የወጣውን አሳየችኝ፤ ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረውን የሐረር ውኃ ቅርፊት ይመስላል። ቤቴ ስገባ በምላሴ ስዳስስ በጥርሶቼ መሐል ክፍተት አገኘሁ። ገደለችኝ ብዬ ተነስቼ ደወልኩ። ክፍተቱ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ነው፣ እብጠቱም ስለጎደለ ነው፣ ድዱ ቀስ ብሎ ይጨብጣል አለችኝ። ያን ዕለት እህል አልቀመስኩም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የሰጠችኝ ትእዛዝ ነው። ለስላሳ ብሩሽ፣ ጫፉን ወደ ድዱ ዘንበል አድርጎ፣ ጠዋትና ማታ፣ በጥርስ መካከልም በክር፤ መፋቂያም ከወደዱ ቀስ ብለው ይፋቁ፣ በየጥቂት ወሩም ይምጡ። ይህ ሁሉ ይቻላል። ነገር ግን የሚደማበትን ቦታ አይዝለሉት አለችኝ፤ የሚደማው ያልጸዳው ነው፣ እዚያው ላይ ነው የሚቆዩት። ዕድሜዬን ሙሉ ደም ካየሁበት እጄን ስሰበስብ ኖሬ፣ አሁን ደሙ ላይ ቁሚ ተባልኩ። በመጀመሪያው ጠዋት የመታጠቢያው ሳህን ቀላ። ጥርሴን… ነክሼ እንዳልል ብሩሹ አፌ ውስጥ ነው። ቀጠልኩ። በየቀኑ እየፈራሁ ቀጠልኩ። ደሙ እየሳሳ ሄደ። አንድ ጠዋት የተፋሁት አረፋ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ጎንበስ ብዬ ደጋግሜ አየሁት፣ ነጭ ነው። ሁለተኛ ስሄድ ዶክተር ነጅማ በዘንጓ ስትለካ ቁጥሮቹ ወርደዋል። የቀሩት ጥርሶቼ ቆመዋል።

ከዚያ በኋላ ነው ለሰናይት የነገርኳት። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ቤት ነበረች፣ ልብስ ታጥፋለች። የተነቀለውን ጥርሴን ባዶ ቦታ አፌን ከፍቼ አሳየኋት፣ ስለ አያቷም፣ ስለ ቅርንፉዱም፣ ስለ ቦንቦሊኖውም ነገርኳት። ለምን ደበቅሽኝ ብላ መጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥላ ከሐኪም ቤት ደረጃ መሸሼን ስታስበው ሳቋ አመለጣት፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ሳቀች። ሳቋ የአያቷ ነው። በመስኮቱ ብርሃን ድዷን አየሁት።

ሰናይትን አላስወቀርኳትም ነበር። ልጅ ሳለች ወቃሪ ስፈልግላት አልቅሳ እምቢ አለች፤ ዘመኑም አልፎበት ነበር። ለብዙ ዓመት በልቤ ስጸጸትበት ኖሬያለሁ፤ ያልተወቀረ ድድ ላይ በሽታ ክፍት በር ነው የሚያገኘው እል ነበር። አሁን ግን ሐኪሟ የነገረችኝን አውቄ ነው የማየው። የልጄ ድድ ሮዝማ ነው፣ በጥርሶቿ ዳር ዳር ግን ቀይ ክር የተሰፋበት ይመስላል። እዚህም እዚያም አብጧል። ጥቁር ቢሆን ኖሮ አላየውም ነበር።

«ስትቦርሺ ይደማሻል?» አልኳት።

«ኧረ እማዬ፣ እሱማ ሁልጊዜ ነው» አለች፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ። «ሲደማኝ ብሩሹን እተዋለሁ፣ ይቆማል።»

ለራሴ የፈራሁት ሁሉ ከዚህ አጠገብ ምንም አልነበረም። ሰዓቱን አየሁ፤ ዶክተር ነጅማ ቅዳሜ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትሠራለች። የያዘችውን ልብስ ከእጇ ወሰድኩና አልጋው ላይ ጣልኩት።

«ጫማሽን አድርጊ» አልኳት።